የቀመር መጻፊያ ሶፍትዌር መስፈርት እንዴት ይዘጋጃል? ከምልክት ዝርዝር ያለፈ መመሪያ

የሂሳብ ቀመር የሚጻፍበት የዴስክቶፕ ሶፍትዌር ልትሠሩ ወይም ልታሠሩ አስባችኋል እንበል። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ምን ይሰፍራል? አብዛኛውን ጊዜ የምልክት ዝርዝር ነው። ክፍልፋይ፣ ዳግም ዘር፣ አርቢ፣ ኢንቴግራል፣ ማትሪክስ፣ የግሪክ ፊደላት። ፕሮግራመሩ ዝርዝሩን ተቀብሎ አንድ በአንድ ይሠራል። በተኖቹ ይደረደራሉ፣ ምልክቶቹም ያምራሉ። ከዚያ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሊጽፍበት ሲሞክር ጉዱ ይፈላል። ከክፍልፋዩ ታህት መውጣት ያቅተዋል። አንዴ ባክስፔስ ሲነካ ግማሹ ቀመር ይጠፋል። ወርድ ላይ ፔስት ሲያደርገው ደግሞ ቀመሩ ከመስመሩ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቀመር የፊደላት መስመር አይደለም፤ ሥዕልም አይደለም። ሳጥን ውስጥ ሳጥን እንደተከተተ ዕቃ ነው። ክፍልፋይ ሁለት ሳጥን አለው፣ ላዕሉ ውስጥ ዳግም ዘር ሊኖር ይችላል፣ ዳግም ዘሩ ውስጥ ደግሞ ሌላ ክፍልፋይ። ስለዚህ መስፈርቱ ምን ምን ምልክት እንዳለ መዘርዘሩ አይበቃም። ሰው ሲጽፍ፣ ሲያጠፋ፣ ሲመርጥና ሲለጥፍ ምን እንደሚሆን መናገር አለበት። የዚህ መመሪያ ትልቁ ክፍልም እሱ ላይ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ የአጻጻፍ ደንብ እንያዝ። እያንዳንዱ መስፈርት ቁጥር ይኑረው። ምን ያህል ግዴታ እንደሆነም በሦስት ቃላት ብቻ ይገለጽ፦ "የግድ"፣ "ይመረጣል"፣ "ቢኖር አይጠላም"። የኢንተርኔት ደረጃዎችን የሚጽፉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው፣ አርኤፍሲ 2119 በተባለው ሰነድ የግዴታ ቃሎቻቸውን ለይተው የወሰኑት ያለ ምክንያት አይደለም። "ቢሆን ጥሩ ነው" የሚለውን አንዱ ግዴታ፣ ሌላው ምርቃት አድርጎ ያነበዋል። ሦስተኛው ነገር ከሁሉም ይበልጣል፦ መስፈርቱ አጠገብ ምሳሌ ቀመር፣ የሚነኩት ቁልፎችና የሚጠበቀው ውጤት ይቀመጥ። "ለአጠቃቀም ቀላል ይሁን" የሚል ዓረፍተ ነገር ካያችሁ ሰርዙት። ማንም ሊፈትነው አይችልም።

ደረጃ 1፦ ማን እንደሚጽፍበት ወስኑ

"ለሁሉም ሰው" የሚል መልስ ካገኛችሁ ገና አልጀመራችሁም። ፈተና የሚያዘጋጅ መምህር የሚፈልገው ፍጥነትና ወርድ ላይ ሳይበላሽ የሚለጠፍ ቀመር ነው። ጥናታዊ ጽሑፍ የሚጽፍ ተመራማሪ ሶፍትዌሩ ላቴክ (ቀመር በጽሑፍ ትእዛዝ የሚጻፍበት ሥርዓት) ካልገባው ዞር ብሎም አያየው። የሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ የሚተይብ ሰው ደግሞ ሂሳቡን ላያውቀው ይችላል፤ ያየውን ቅርጽ እንዳለ ማስፈር ነው የሚፈልገው። ከሦስቱ አንዱን ዋና ተጠቃሚ አድርጉ፣ ሌሎቹን ከሥሩ አስከትሉ። ሁለት ፍላጎቶች ሲጋጩ (መጋጨታቸው አይቀርም) የዋናው ተጠቃሚ ፍላጎት ያሸንፋል ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

እዚሁ ላይ ሶፍትዌሩ የማይሠራውንም አስፍሩ። ትልቁ ጥያቄ ቀመሩን ያሳያል ወይስ ያሰላል የሚለው ነው። ሀ(ለ+1) የሚለውን ተመልከቱ። ሀ በቅንፉ ተባዝቷል? ወይስ ሀ የፈንክሽን ስም ነው? ለሚያሳይ ሶፍትዌር ልዩነት የለውም፤ ወረቀት ላይ መልኩ አንድ ነው። ለሚያሰላ ሶፍትዌር ግን የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። ለድረ ገጽ ቀመር የሚጻፍበት ማትኤምኤል የተባለው ደረጃ ለሁለት የተከፈለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንዱ ክፍል የቀመሩን መልክ፣ ሌላው ትርጉሙን ይይዛል። የእኔ ምክር የመጀመሪያው እትም መልክ ላይ ብቻ እንዲያተኩር ነው። ማስላት፣ ግራፍ መሳልና እኩልታ መፍታት "የማይካተቱ" በሚል ርዕስ ሥር ይግቡ። ያ ርዕስ በኋላ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናችኋል።

ደረጃ 2፦ ከመስኮቱ በፊት ፋይሉ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከመስኮቱ ዲዛይን ነው። እኔ ከፋይሉ ጀምሩ እላለሁ። በተን በሚቀጥለው እትም ይቀየራል። በመጥፎ ፎርማት ተቀምጦ በየሰው ኮምፒዩተር የተበተነ ቀመር ግን በዋዛ አይቀየርም።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ የማይክሮሶፍት ኦፊስን ታሪክ እዩ። ለዓመታት አብሮት የኖረው ኢኩዌዥን ኤዲተር 3.0 እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 በደህንነት ችግር ምክንያት ከኦፊስ እንዲወጣ ተደረገ። ከዚያ በኋላ በእሱ የተጻፉ ቀመሮች ሰነዱ ውስጥ ይታያሉ፤ በነበሩበት መንገድ ማረም ግን አልተቻለም። ሶፍትዌሩ ሲሞት ቀመሩ ሥዕል ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ዛሬ ችላ ሊባሉ የማይገባቸው ሦስት የቀመር አጻጻፎች አሉ። አንደኛው ዶናልድ ክኑት በ1970ዎቹ መጨረሻ ከጀመረው የጽሑፍ መደርደሪያ ፕሮግራም፣ ከቴክ የተወለደው፣ ሌዝሊ ላምፖርት ያዘጋጀው ላቴክ ነው። ሁለተኛው ማትኤምኤል ነው፤ የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ3ሲ እ.ኤ.አ. በ1998 አጽድቆታል። ሦስተኛው ከወርድ 2007 ጋር የመጣው የማይክሮሶፍት የራሱ አጻጻፍ፣ ኦኤምኤምኤል ነው። የትኛውን እንደምታነቡ፣ የትኛውን እንደምትጽፉ ለይታችሁ አስቀምጡ። ማንበብና መጻፍ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

"ላቴክ ይቀበላል" ብላችሁ አትለፉ። ላቴክ የራሱ ማክሮ (ተጠቃሚው ራሱ የሚፈጥረው አጭር ትእዛዝ) ያለው፣ በውስጡ ፕሮግራም ሊጻፍበት የሚችል ነገር ነው፤ ሙሉ በሙሉ መቀበል ቴክን እንደገና መሥራት ነው። የምትቀበሏቸውን ትእዛዞች በአባሪ ዘርዝሩ። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ትእዛዝ ሲመጣ ምን እንደሚሆንም ወስኑ። ሶፍትዌሩ የማያውቀውን ዝም ብሎ ከጣለ ተጠቃሚው ሳያውቀው ቀመሩ ይለወጣል፤ ከዚህ የከፋ ስህተት የለም። ያልታወቀው ትእዛዝ በቀይ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ይታይ፣ ፋይሉ ሲቀመጥም እንዳለ ይመለስ። ይህ "የግድ" የሚባል መስፈርት ነው።

የራሳችሁ ፋይል በጽሑፍ የሚነበብ ይሁን፣ የፎርማቱ እትም ቁጥርም ውስጡ ይኑር። አንድ ፋይል ተከፍቶ ምንም ሳይነካ ቢቀመጥ አንድም ነገር መለወጥ የለበትም።

ደረጃ 3፦ ጣት ኪቦርድ ሲነካ ምን ይሆናል?

እዚህ ላይ ጊዜ አጥፉ። ሰነዱ ግማሽ ያህሉ እዚህ ቢያልቅ አይቆጫችሁም።

በቀላሉ እንጀምር። ሰውየው 3+1/2 ብሎ ተየበ። ላዕሉ 1 ነው ወይስ 3+1? ክፍልፋዩ የሚሠራው የማካፈያ ምልክቱ እንደተነካ ነው ወይስ ስፔስ ሲጫን? ወርድ ስፔስ እስኪጫን ይጠብቃል። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል፤ ሳይወሰን መቅረቱ ግን አያስኬድም፣ ምክንያቱም ፕሮግራመሩ በራሱ ግምት ይወስነዋል። የተሟላ መስፈርት ይህን ይመስላል፦

መ-31 (የግድ)። ተጠቃሚው 3+1/2 ብሎ ሲተይብ ወደ ላዕሉ የሚገባው 1 ብቻ ነው። "3+" ከክፍልፋዩ ውጭ ይቀራል። ከርሰሩ ታህቱ ውስጥ ከ2 ቀጥሎ ይቆማል። የቀኝ ቀስት አንዴ ሲጫን ከርሰሩ ከክፍልፋዩ ይወጣል።

ፕሮግራመሩ ይሠራዋል፣ ፈታኙም በደቂቃ ውስጥ ያረጋግጠዋል። ሌሎቹንም በዚሁ መልክ ጻፉ።

የከርሰር እንቅስቃሴ ቀጥሎ ይምጣ። ከርሰሩ በማንኛውም ሳጥን ውስጥ ገብቶ በቀስት ቁልፍ ብቻ መውጣት መቻል አለበት። ከታህቱ ወደ ላይ ሲጫን ወደ ላዕሉ ይሂድ። ማትሪክስ ውስጥ ታብ ወደሚቀጥለው ክፍል ያሻግር። ከርሰሩ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንዳለ በዓይን መለየት አለበት። ከአርቢው ጫፍ ላይ ነው ያለው ወይስ ከአርቢው ወጥቶ ዋናው መስመር ላይ? ሁለቱ ቦታዎች ስክሪኑ ላይ የአንድ ጸጉር ያህል ይራራቃሉ። ከርሰሩ ቁመቱን ካልቀየረ ወይም ሳጥኑ በስሱ ካልቀለመ ተጠቃሚው በጭፍን ይጽፋል።

ማጥፋት ደግሞ ይበልጥ ይወሳሰባል። ከርሰሩ ከክፍልፋዩ በስተቀኝ ቆሞ ባክስፔስ ቢጫን ምን ይጥፋ? ሙሉ ክፍልፋዩን ወዲያው የሚያጠፉ አሉ፤ ረጅም ቀመር በአንድ ንክኪ ሲጠፋ ግን ያናድዳል። እኔ የምመርጠው ሁለት እርምጃ ነው፦ የመጀመሪያው ባክስፔስ ክፍልፋዩን ይምረጥ፣ ሁለተኛው ያጥፋው። ከርሰሩ ታህቱ መጀመሪያ ላይ ሆኖ ባክስፔስ ሲጫን ደግሞ ክፍልፋዩ ይፍረስ፣ በውስጡ የነበረው ግን ይትረፍ። ዳግም ዘርና ቅንፍም እንደዚሁ። ሰው ብዙ ጊዜ መለወጥ የሚፈልገው ሽፋኑን እንጂ ይዘቱን አይደለም።

መምረጥ ላይ አንድ ሕግ ብቻ አስፍሩ፦ ግማሽ ሳጥን አይመረጥም። ማውሱ ላዕሉ ውስጥ ተነስቶ ከክፍልፋዩ ውጭ ከወጣ ምርጫው ሙሉውን ክፍልፋይ ይያዝ። ከተመረጠ በኋላ መዋቅር ቢጨመር የተመረጠው እንዳለ ውስጡ ይግባ። 3+4 ተመርጦ የዳግም ዘር ቁልፍ ሲነካ √(3+4) መሆን አለበት እንጂ 3+4 ጠፍቶ ባዶ ዳግም ዘር መምጣት የለበትም። ስንት ሶፍትዌር እዚህ ጋ ይሰናከላል!

ቅንፍን ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲዘጋ ታደርጉ ይሆናል። ጥሩ ነው፣ ግን አያስገድድ። ግማሽ ክፍት ክልል ሲጻፍ [0, 1) ይሆናል፤ መክፈቻውና መዝጊያው አይመሳሰሉም። በሁኔታ የተከፋፈለ ፈንክሽን ደግሞ መክፈቻ ብቻ አለው፣ መዝጊያ የለውም። "ቅንፍ ጥንድ ነው" ብሎ የሚያምን ሶፍትዌር እነዚህን አያጽፍም። ሁለቱንም በምሳሌነት ሰነዱ ውስጥ አስገቡ።

የኮንትሮል ዜድ ነገር ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። አንዴ ሲጫን አንድ ተግባር ይመለስ፣ ከርሰሩም ወደነበረበት ይመለስ። ሶፍትዌሩ በራሱ ያደረገው ለውጥ፣ ለምሳሌ የተተየበን የግሪክ ፊደል ስም ወደ ፊደሉ መቀየሩ፣ ከትየባው ተለይቶ ለብቻው የሚመለስ ይሁን። ባዶ ሳጥኖች ስክሪን ላይ በነጠብጣብ ይታዩ፣ ሲታተሙ ግን አይታዩ።

ደረጃ 4፦ መልኩ

እዚህ ላይ "ቆንጆ ይሁን" ማለት አይሠራም። ደግነቱ ሌሎች ለፍተውበታል። የክፍልፋይ መስመር ከፊደሉ መሠረት በምን ያህል ከፍታ ይሰመር፣ አርቢ በምን ያህል ከፍ ይበል፣ ቅንፍ እንዴት ይለጠጥ የሚሉት ልኬቶች ኦፕንታይፕ በተባለው የፎንት ፎርማት በተሠሩ የሂሳብ ፎንቶች ውስጥ፣ "ማት" በሚባለው ሰንጠረዥ ተጽፈዋል። ካምብሪያ ማት ከኦፊስ 2007 ጋር የመጣ ነው። በነጻ የሚገኙ ከፈለጋችሁ ስቲክስ ቱ ማት እና ላቲን ሞደርን ማት አሉ። መስፈርቱ ይህን ይበል፦ ሶፍትዌሩ ልኬቱን ከፎንቱ ሰንጠረዥ ያነባል፣ ከራሱ አይፈጥርም።

የመጠኑን ነገር በቁጥር ጻፉ። ቴክ ዋናው ጽሑፍ 10 ነጥብ ሲሆን አርቢውን 7፣ የአርቢን አርቢ 5 ያደርገዋል፤ ከዚያ በታች አይወርድም። ይህን ተከተሉ። ያለበለዚያ አራተኛው አርቢ በአጉሊ መነጽር የሚታይ ይሆናል። የድምር ምልክትም ሁለት መልክ አለው። ለብቻው መስመር ላይ ሲቆም ወሰኖቹ ከላይና ከታች ይሆናሉ። ጽሑፍ መሃል ሲገባ ግን መስመሩን እንዳያራርቀው ወደ ጎኑ ይሄዳሉ። ሁለቱም "የግድ" ናቸው።

ሰው የማያስተውለው የዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ፣ ጉዳይም አለ። የመቀነስ ምልክቱ ቁጥር 8722 ነው፤ ኪቦርድ ላይ ያለው ሰረዝ ደግሞ 45። መልካቸውም ስፋታቸውም ይለያያል። ተጠቃሚው ሰረዙን ሲነካ ሶፍትዌሩ 8722ን ያስገባ፤ ከውጭ ሲለጠፍ ሁለቱንም ይቀበል። የሂሳብ ፊደላቱ (ያዘመሙት፣ የወፈሩት፣ ባለ ድርብ ግንዱ) ከ119808 እስከ 120831 ባለው ክልል ተቀምጠዋል። ከ65535 በላይ ስለሆኑ ብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች በሁለት ቁራጭ ነው የሚያስቀምጧቸው፤ ባክስፔስ ግማሹን ብቻ አጥፍቶ ጥያቄ ምልክት ያለበት ሳጥን የሚያስቀረው ያኔ ነው። በክልሉ ውስጥ ክፍተትም አለ። ዘማማው ትንሹ ኤች እዚያ የለም፣ ቀድሞ የፕላንክ ቋሚ ቁጥር ተብሎ በ8462 ተመዝግቦ ስለነበር። የፊደሉን ቁጥር ከክልሉ መጀመሪያ ላይ በመደመር ብቻ የሚያሰላ ኮድ እዚህ ይወድቃል፤ ለፈታኛችሁ ስጦታ ነው።

ቀመር ውስጥ ተራ ጽሑፍም ይገባል፣ "ከሆነ" ወይም "ለሁሉም" እንደሚባለው። የሂሳብ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጽሑፉ በየትኛው ፎንት እንደሚታይ፣ ቀጥ እንጂ ዘመም እንደማይል፣ ቁመቱም ከቀመሩ ጋር እንደሚመጣጠን ይጻፍ። ብዙ ቁልፍ ተነክቶ አንድ ፊደል በሚወጣባቸው ቋንቋዎች ፊደሉ ተፈጥሮ ሳያልቅ ሶፍትዌሩ ወደ ምልክት እንዳይቀይረውም አስጠንቅቁ።

ደረጃ 5፦ ወደ ውጭ ሲወጣ

ቀመር ኮፒ ሲደረግ ክሊፕቦርዱ ላይ አብረው የሚቀመጡትን ዘርዝሩ፦ ማትኤምኤል፣ የላቴክ ጽሑፍ፣ ሥዕል። ተቀባዩ ሶፍትዌር የሚችለውን ይወስዳል። ሥዕሉ ኤስቪጂ ወይም ፒዲኤፍ ቢሆን ቢያጎሉትም አይደበዝዝም፤ ለፒኤንጂ ግን ጥራቱን በቁጥር ወስኑ፣ ለኅትመት 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጠብጣብ) የተለመደ ነው። መግቢያው ላይ ያልነው የሚንሳፈፍ ቀመር የሚመጣው ሥዕሉ መሠረት መስመሩ (ፊደላቱ የሚቆሙበት መስመር) የት እንደሆነ ለተቀባዩ ስለማይነግር ነው። ለመፈተን ክፍልፋይ ያለበትን ቀመር ዓረፍተ ነገር መሃል ለጥፉና የክፍልፋዩ ሰረዝ ከጎኑ ካለው የመደመር ምልክት ጋር እኩል መሆኑን እዩ።

ደረጃ 6፦ ፍጥነት

አጭር ነው። ሰው ምላሹ ወዲያው መጣ የሚለው እስከ 0.1 ሰከንድ ድረስ ነው፤ የአጠቃቀም ባለሙያው ጄከብ ኒልሰን ያስፋፋው ልኬት ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ከተነካ በኋላ ውጤቱ ከ100 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይታይ በሉ። ግን በየትኛው ኮምፒዩተርና በምን ያህል ቀመር? 10 በ10 የሆነ፣ እያንዳንዱ ክፍሉ ክፍልፋይ ያለበት ማትሪክስ ጥሩ መፈተኛ ነው። ኮምፒዩተሩን ተጠቃሚዎቻችሁ ካላቸው ደካማውን ምረጡ፣ የፕሮግራመሩን ሳይሆን።

ደረጃ 7፦ ደህንነት

"የቀመር ሶፍትዌር ማን ያጠቃዋል?" ይባላል። ኢኩዌዥን ኤዲተር 3.0ን አጥቅተውታል። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ይፋ በሆነው ክፍተት ፋይሉ ውስጥ ያለው የፎንት ስም ከተመደበለት ቦታ በላይ ሲረዝም አጥቂው የራሱን ኮድ ማስኬድ ይችል ነበር። የፎንት ስም ብቻ! የተጠቃው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2000 የተዘጋጀ ነበር፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በየኮምፒዩተሩ ተቀምጧል።

ስለዚህ ከውጭ የመጣ ፋይል፣ ፔስት የተደረገም ጭምር፣ እንደማይታመን ይቆጠር። የሳጥን በሳጥን ጥልቀት ገደብ ይኑረው። ራሱን የሚጠራ የላቴክ ማክሮ ሶፍትዌሩን ማድረቅ የለበትም። ቴክ ከኮምፒዩተሩ ላይ ሌላ ፕሮግራም የሚያስነሳበት መንገድ አለው፤ በእናንተ ሶፍትዌር ውስጥ ይህ በጭራሽ አይኑር። ማትኤምኤል ኤክስኤምኤል በተባለው የመረጃ አጻጻፍ ስለሚጻፍ ጥቂት መስመር ተባዝቶ ሚሞሪ የሚሞላበት የታወቀ ጥቃትም አለ፤ የውስጥ ፍቺዎችን ማስፋት ይከልከል።

ደረጃ 8፦ ማየት ለተሳነው ተጠቃሚ

ይህን መጨረሻ ላይ የምትጨምሩት ጌጥ አታድርጉት። የስክሪን አንባቢዎች፣ እንደ ጆውስ እና ኤንቪዲኤ ያሉት፣ አንዳንዶቹ በተጨማሪ ፕሮግራም እየታገዙ ማትኤምኤልን አውጥተው ያነባሉ። ሥዕል ብቻ ካገኙ ግን ዝም ነው።

ማንበቡ ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። "አንድ ሲካፈል ለሁለት ሲደመር ሦስት" ሲባል 1/2+3 ነው ወይስ 1/(2+3)? በጆሮ አይለይም። ስለዚህ የክፍልፋዩ መጀመሪያና መጨረሻ በድምፅ ይነገር፤ ተጠቃሚውም ዝርዝሩን መቀነስና መጨመር ይቻለው። ያለ ማውስ የማይሠራ አንድም ተግባር አይኑር። ይህኛው ለዓይነ ስውሩ ብቻ አይደለም፣ ፈጥኖ የሚተይብ ሰውም ማውስ አይወድም።

ደረጃ 9፦ የመፈተኛ ቀመሮችን ሰብስቡ

ሰነዱ ከመፈረሙ በፊት ከዋናው ተጠቃሚ እውነተኛ ወረቀቶች፣ ከፈተናና ከመጽሐፍ፣ ቀመሮች ልቀሙ። በሐሳብ የፈጠራችሁት ቀመር ሁልጊዜ ሥርዓታማ ነው፤ የሰው ወረቀት ግን ያልጠበቃችሁትን ያመጣል። ቀስት ላይ የተጻፈ ጽሑፍ፣ የተሰረዘ ታህት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ ማትሪክስ። እያንዳንዱን ቀመር ከሚመለከተው የመስፈርት ቁጥር ጋር አገናኙ። ምንም ቀመር ያልተገናኘው መስፈርት ካለ ወይ ምሳሌ ፈልጉለት ወይ አውጡት። መስፈርት ያልተገኘለት ቀመር ካለ ደግሞ የጎደለውን አገኛችሁ።

ከዚያ "የግድ" የተባሉትን ቁጠሩ። ሁሉም "የግድ" ከሆነ ቅድሚያ አልሰጣችሁም ማለት ነው። ከተጠቃሚዎቹ ጋር ተቀምጣችሁ ቀንሱ። የተሰረዘ መስፈርት ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥ፤ መ-31 ቢሰረዝ "ተሰርዟል" ተብሎ ከነምክንያቱ ሰነዱ ውስጥ ይቆይ። የሚቀጥለው አዲስ መስፈርት የመጨረሻውን ቁጥር ተከትሎ ይመዝገብ።